ማጠቢያ-ማድረቂያ ማሽናችሁ ውሃ ሲያፈስ፦ «ከየት» ከማለታችሁ በፊት «መቼ» በሉ

መወልወያውን ለጊዜው አስቀምጡት። ማሽኑ ሥር ውሃ ስናይ እጃችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ መወልወያ ነው። ወለሉ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃው ከፊት ይምጣ ከኋላ፣ ንጹህ ይሁን ሳሙና ያለበት፣ የሚናገር ነገር አይቀርም። የተጠራው ቴክኒሻንም ደረቅ ወለል ላይ ቆሞ «ፓምፑ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ፓምፑ ይቀየራል፣ ብር ይወጣል። በሚቀጥለው እጥበት ውሃው ተመልሶ ከች ይላል።

የማሽን ውሃ ማፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ፣ በፒንሳና በጨርቅ የሚፈታ ነገር ነው። የሚከብደው ቦታውን ማግኘቱ ነው። እኔ የማምነው ዘዴ አንድ ነው፤ ውሃው የሚወጣበትን ሰዓት ያዙ። ማሽኑ ውሃ ሲቀበል የሚሠራው ክፍል ሌላ ነው። ሲያጥብ ሌላ፣ ሲደፋ ሌላ፣ ሲያደርቅ ደግሞ ሌላ። ሰዓቱን ካወቃችሁ የምትጠረጥሩት ክፍል ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይወርዳል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ

ወለሉ ርሶ ከሆነ ውሃው ላይ ቆማችሁ ሶኬት አትንቀሉ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቀጥሎ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ሩቢኔታ ዝጉ። የሶኬት ማከፋፈያው ወለል ላይ የተጋደመ ከሆነ ዛሬውኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሰቀል። እንዲያውም ይህ ዓይነት ማሽን በማከፋፈያ ባይሠራ ይመረጣል፤ ማሞቂያው ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቀጭን ማከፋፈያ ደግሞ ይግላል።

ድራሙ ውስጥ ውሃ ካለ በሩን በጉልበት አትጎትቱ። መብራት ከጠፋ በኋላ የበሩ መቆለፊያ እስኪለቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ልብሱ በሙቅ ውሃ እየታጠበ ወይም እየደረቀ ከነበረ ደግሞ እስኪቀዘቅዝ ታገሱ።

ውሃውን ራሱን እዩት

ከመወልወላችሁ በፊት ጣታችሁን ነክራችሁ ሁለቱን ጣቶች አሻሹ። ውሃው የቀዘቀዘና የጠራ ከሆነ፣ ምንም የማያሟልጭ ከሆነ፣ ገና ልብስ ያልነካ ውሃ ነው። ስለዚህ መግቢያው በኩል ነው ችግሩ፦ ሩቢኔታው፣ የመግቢያ ቱቦው ወይም ማሽኑ ውስጥ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ። የሚያሟልጭና የሳሙና ሽታ ያለው ከሆነ ድራሙ ውስጥ የነበረ ውሃ ነው፤ በሩን፣ የሳሙና መሳቢያውን፣ ማጣሪያውንና የመውጫ ቱቦውን ጠርጥሩ። ለብ ብሎ ሳሙና የሌለው፣ ግን የልብስ ብናኝ የያዘ ውሃ ከሆነ ማድረቂያው ላይ ታተኩራላችሁ። ዝገት ያለው ወይም ጥቁር ቅባት የቀላቀለ ጠብታ ከማሽኑ ጀርባ መካከል ከወረደ መጥፎ ምልክት ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን መወልወል ትችላላችሁ።

ሙከራው

ሶፍት፣ አሮጌ ጋዜጣና የስልክ መብራት ይበቃል።

1. ወለሉንና የማሽኑን ዙሪያ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ። ቱቦዎቹንም በጨርቅ ጥረጉ።

2. ጋዜጣ ከማሽኑ ሥር አንሸራታችሁ አስገቡ። ጋዜጣ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ጠቁራ ትታያለች።

3. ሶፍት ቁረጡና መጋጠሚያዎቹ ላይ ጠቅልሉ፦ ሩቢኔታው ላይ፣ የመግቢያ ቱቦው ማሽኑ ጀርባ በሚታሰርበት ቦታ፣ የመውጫ ቱቦው ላይ። ከሳሙና መሳቢያው ሥር፣ ከበሩ ሥርና ከታች ባለችው የማጣሪያ በር ሥር ደግሞ ለጠፍ ለጠፍ አድርጉ።

4. ያለ ልብስ፣ ያለ ሳሙና፣ ማለቅለቅና መጭመቅ ብቻ ያለበትን አጭር ፕሮግራም አስጀምሩ። ወንበር ስባችሁ ቁጭ በሉ። ማሽኑን ትታችሁ ወጥ ለማማሰል ከሄዳችሁ ሙከራው ከሸፈ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲታይ ማሽኑ ምን እያደረገ እንደነበር ጻፉ፤ እየሞላ? እየዞረ? እየደፋ? እየጨመቀ?

5. ምንም ካላፈሰሰ እንደወትሮው ልብስና ሳሙና ጨምራችሁ ድገሙት። ባዶውን ደህና ሆኖ ሲጫን ብቻ የሚያፈስ ማሽን ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ሳሙናው በዝቶበታል ወይም ልብሱ ሞልቶበታል።

6. አሁንም ደህና ከሆነ የማድረቂያውን ፕሮግራም ለብቻው አስኬዱ። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ «አንዳንዴ ያፈሳል፣ አንዳንዴ ይተዋል» እያለ ወራት ያሳልፋል።

ማሽኑ ጠፍቶም የሚያፈስ ከሆነ

ሶኬቱ ተነቅሎ ወለሉ ከረጠበ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከመግቢያ ወገን ነው። በጣም የተለመደው የቱቦው ጎሚኒ ነው። ሩቢኔታውን ዝጉ፣ ቱቦውን በእጃችሁ ፍቱ፣ ውስጡን እዩ። ጎሚኒው ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ተጨፍልቆ ከሳሳ በአዲስ ቀይሩት። ዋጋው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አለን። ውሃ ካንጠባጠበ ቴፍሎን እንጠቀልላለን። ቴፍሎን የሚጠቅመው ሩቢኔታው ግድግዳ ውስጥ በሚገባበት ጥርስ ላይ ነው። ቱቦው ሩቢኔታው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ግን ውሃውን የሚይዘው በውስጡ የተቀመጠው ጎሚኒ ነው። እዚያ ላይ አስር ዙር ቴፍሎን ብትጠቀልሉ እንኳ ጎሚኒው ካረጀ ያፈሳል። በእጅ እስኪጠብቅ እሰሩ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። የፕላስቲክ ብሎን ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣ ማሽን ካላችሁ ሌላ ጣጣ አለ። የዚያ አገር የማሽን ቱቦ ጥርስ እኛ ጋ ካለው የሦስት ሩብ ኢንች ሩቢኔታ ጥርስ ጋር አይገጥምም። በአንድ ኢንች ውስጥ የአሜሪካው 11.5 ጥርስ አለው፣ የእኛው 14። መጀመሪያ አንድ ሁለት ዙር ይገባና የተያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ይጣመማል። በጉልበት ማጥበቅ ጥርሱን ከመብላት በቀር አይረዳም፤ የሚያገናኝ አዳፕተር ወይም የአገሩን ቱቦ ግዙ። ኤሌክትሪኩም የ120 ቮልት ሊሆን ስለሚችል መለያው ላይ ያለውን ሳታነቡ ሶኬት ላይ አትሰኩት።

ቱቦው ራሱ የሆነ ቦታ ካበጠ ወይም ከታጠፈበት ነጭ መስመር ካወጣ አትጠግኑት። ጣሉት። ይህ ቱቦ ቀንም ሌሊትም የቧንቧ ግፊት ተሸክሞ ነው የሚያድረው። ቤት ሰው በሌለበት ቢፈነዳ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያ ድረስ ይወርዳል።

አንዳንዴ ደግሞ ወለሉ ደረቅ ሆኖ፣ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ድራሙ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ታገኛላችሁ። ዝም ካላችሁት ቀስ በቀስ ሞልቶ ይፈሳል። ይህን ለመለየት ውሃውን ደፍታችሁ ድራሙን አድርቁ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ሩቢኔታውን ክፍት ተዉና ቤት እያላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ውሃ ከገባ ጥፋተኛው የመግቢያ ቫልቩ ነው። ሩቢኔታው ተዘግቶም ውሃ ከገባ የመጣው በመውጫ ቱቦው በኩል፣ ከፍሳሽ መስመሩ ተመልሶ ነው።

ስለ ሮቶ ያለው ነገር

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ቫልቭ በተለይ ይሰቃያል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ግፊት ነው። ቫልቩ ውስጥ ስስ የጎማ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ተጭኖ የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት እየታገዘ ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ባር ይፈልጋሉ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። ሮቶው ከማሽኑ በላይ 10 ሜትር ቢሰቀል ነው 1 ባር የሚሰጠው። ሮቶው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ብቻ ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ቫልቩ ጤነኛ ሆኖም በደንብ ሳይዘጋ ሊንጠባጠብ ይችላል። የጊቢ ቤት ያላችሁ፣ ሮቶው ጣሪያው ላይ ትንሽ ብረት ላይ የተቀመጠ፣ ቫልቭ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አስቡ። መፍትሔው ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ነው፤ ወይም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ። ሁለቱም እስኪገኙ ከእጥበት በኋላ ሩቢኔታውን መዝጋት በቂ ነው።

ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው አየር፣ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሽፋኑ ሥር ከገባች ቫልቩ አይዘጋም። ውሃ ሲመለስ ቀድማችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ክፈቱ። ጠርቶ እስኪወርድ ይፍሰስ። ከዚያ በኋላ ነው የማሽኑ ሩቢኔታ የሚከፈተው።

የመግቢያውን ማጣሪያ ለማጽዳት ሩቢኔታውን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቱቦውን ከማሽኑ ጀርባ ፍቱ። ቀዳዳው ውስጥ እንደ ወንፊት ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ማጣሪያ ትታያለች። በፒንሳ ጫፍ መሃሏ ላይ ባለው ጉብታ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቧንቧ ውሃ እጠቡና መልሱ። ሳይመልሱ መግጠም የተለመደ ነው፣ «ውሃው በደንብ እንዲገባ» እየተባለ። እንዲህ ከተደረገ ቀጣዩ አሸዋ ቀጥታ ቫልቩ ውስጥ ነው የሚያርፈው።

ውሃ ሲቀበል ከፊት ከወረደ

ከላይ፣ ከሳሙና መሳቢያው ጥግ እየወረደ ከሆነ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ብዙዎቹ ላይ «ፑሽ» የሚል ወይም ቀስት ያለበት ቦታ አለ፤ እሱን ተጭናችሁ ስትስቡ ይወጣል። በሙቅ ውሃ እጠቡት። ከዚያ እጃችሁን አስገቡና የመሳቢያውን ቤት ጣሪያ ዳስሱ። ውሃ የሚረጩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ዱቄት ሳሙና ደርቆ ሲደፍናቸው ውሃው ወደ ጎን ይረጫል፣ በመሳቢያው ከንፈር ያመልጣል። በብሩሽ ፈግፍጉት።

ማሽኑ ወደ ፊት ያዘነበለ ከሆነም እንዲሁ ያፈሳል። ውሃ ልክ አስቀምጡበት፤ ከሌላችሁ ስልካችሁ ላይ ያለው ይበቃል። እግሮቹን እያዞራችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ ማሰሪያ ብሎኑን አጥብቁ።

አረፋ

ይህ ርዕስ ብቻውን ብዙ ችግር ይሸፍናል ብል ማጋነን አይሆንም። በተለምዶ ኦሞ የምንለው ዱቄት ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለእጅ አጠባ የተሠራው ነው። እሱ የተሠራው ብዙ አረፋ እንዲያወጣ ነው፤ ሳፋ ላይ አረፋ ካላየን ታጠበ አንልምና። ከፊት የሚከፈት ማሽን ግን ትንሽ ውሃ ነው የሚጠቀመው፣ ልብሱንም እያነሳ ይጥላል። አረፋው ይነሳል፣ በመሳቢያው ይወጣል፣ በበሩ ጎሚኒ ሾልኮ ይወርዳል። ፓምፑም አረፋ መግፋት አይችልም። ባዶውን ይዞራል። አንዳንድ የሳምሰንግ ማሽኖች ሰሌዳቸው ላይ በላቲን «ኤስ-ዩ-ዲ» ጽፈው የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ ከፊት ለሚከፈት ማሽን መሆኑ የተጻፈበትን ሳሙና ግዙ። የተጻፈውን ልክ አክብሩ። ቀድሞ የበዛውን ለማውጣት ያለ ሳሙና ማለቅለቂያ ደጋግማችሁ አስኬዱ፤ ፎጣዎች ጨምራችሁ ቢሆን ይሻላል፣ ለዓመታት ሳሙና ሲጠጡ የኖሩት እነሱ ናቸውና። ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁም የበሩ መስታወት ላይ አረፋ ከታየ ገና አልወጣም።

እያጠበ በበሩ በኩል ካፈሰሰ

የበሩን ጎሚኒ እጥፋት በሁለት ጣት ከፍታችሁ በባትሪ እዩ። ከታች በኩል ጀምሩ፤ ውሃና ቆሻሻ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። የምታገኙት ነገር ያስገርማል፦ የፀጉር መያዣ፣ ሳንቲም፣ የክብሪት እንጨት፣ ተጠቅልሎ የገባ የሕፃን ካልሲ። ከታች ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በጥርስ ማፅጃ እንጨት ክፈቱ። ጎሚኒውንና የመስታወቱን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አንድ ክር ብቻ እንኳ መስታወቱና ጎሚኒው መካከል ከተጋደመ ውሃ ያሳልፋል። የነጠላ ዘርፍ በዚህ የታወቀ ነው፤ ነጠላ ከመረብ ከረጢት ውስጥ ካልገባ ጫፉ በሩ ላይ ይቀራል።

ሻጋታ ካለ በተበጠበጠ በረኪና ወይም በአቼቶ ይጸዳል። ሁለቱን ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ አንዱን ተጠቅማችሁ በደንብ ሳታለቀልቁም ሌላውን አታስከትሉ። ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ጎሚኒው ከተቀደደ መቀየር ነው። የጎማ ማጣበቂያ ለጊዜው ይይዛል፣ ማድረቂያ ሲበራ ግን ሙቀቱ ይለቀዋል። የማሽኑ ሞዴል ቁጥር ብዙ ጊዜ በሩን ስትከፍቱ ዙሪያው ላይ ወይም ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ፎቶ አንስታችሁ ነው መርካቶ የሚወረደው። «የ8 ኪሎ ጎሚኒ» ብሎ መጠየቅ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል።

ሲደፋ ካፈሰሰ

በመጀመሪያ የፊት ለፊቷን ትንሽ በር፣ ታች ቀኝ ወይም ግራ ያለችውን ክፈቱ። የፓምፑ ማጣሪያ እዚያ ነው። ከመንቀላችሁ በፊት ትሪ አስቀምጡ። ድራሙ ውስጥ ውሃ ካለ ብዙ ሊትር ይወጣል። ጎኑ ላይ ቀጭን ማስወጫ ቱቦ ካለ በእሱ እየቀዳችሁ ድፉ። ከዚያ ማጣሪያውን ወደ ግራ ቀስ እያላችሁ ፍቱ። አጽዱ፣ ውስጥ ያለችውን የፓምፕ ክንፍ በጣት ገፋ አድርጋችሁ መዞሯን አረጋግጡ፣ በማጣሪያው አንገት ላይ ያለችውን ክብ ጎሚኒ ጥረጉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ መልሱ። ማጣሪያ ካጸዱ በኋላ ከፊት ታች ማንጠባጠብ የጀመረ ማሽን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ማጣሪያው ተጣሞ ገብቷል ወይም ጎሚኒዋ ላይ ፀጉር ተጠምጥሟል።

ቀጥሎ የመውጫ ቱቦው። ጫፉ ከወለል ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መሄድ አለበት። ወለል ላይ ከተጋደመ ውሃው ራሱን እየሳበ ይወጣል፤ ማሽኑ በአንድ በኩል ይሞላል፣ በሌላ በኩል ይፈሳል፣ ሞልቶ አይጨርስም። ጫፉን የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ስትከቱ ደግሞ በጣም አታስጠልቁት፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ዙሪያውን በፕላስተር አትድፈኑ። አየር ካላገኘ እንደገና መሳብ ይጀምራል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሰው ቱቦውን የሻወር ቤቱ ወለል ላይ ወዳለው ፍሳሽ ነው የሚለቀው። ፓምፑ ውሃውን በአንድ ጊዜ ይገፋል። ፍሳሹ በፀጉርና በሳሙና ግማሽ ተዘግቶ ከሆነ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል፣ ወለሉን ይሸፍናል፣ ማሽኑ ሥር ይገባል። ማሽኑ በማያውቀው ይከሰሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ፍሳሹ ላይ ባንዴ ድፉ። ቀስ ብሎ ከወረደ ማሽኑን ተዉት፣ ሲፎኑን አጽዱ።

ሲጨምቅ ብቻ ከሆነ

ጋቢና ብርድ ልብስ። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ በጣም ይከብዳል፣ በአንድ ወገን ይከመራል። ድራሙ ሲዞር ያ ሁሉ ክብደት ማሽኑን ያናውጠዋል፣ ቱቦ ከቦታው ይነቀላል፣ ከኋላ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል። ጋቢን ለብቻው ሳይሆን ከሁለት ሦስት ፎጣ ጋር አስገቡት፣ ክብደቱ እንዲከፋፈል። አዲስ ማሽን ከሆነና እንደ ወፍጮ ቤት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጀርባውን እዩ፤ ለማጓጓዣ የታሰሩት ትላልቅ ብሎኖች ሳይወጡ ቀርተው ይሆናል።

ሲያደርቅ ካፈሰሰ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሻጮቹም አያስረዱም።

ብዙዎቹ ማጠቢያ-ማድረቂያዎች ልብስ የሚያደርቁት በውሃ እየታገዙ ነው። ማሞቂያው አየሩን ያግላል፣ ነፋሱ በልብሱ መካከል ያልፋል፣ እርጥበቱን ይዞ ይወጣል። ከድራሙ ጀርባ ባለ የፕላስቲክ መተላለፊያ ውስጥ ቀጭን ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ይለቀቃል። እንፋሎቱ እሱን ሲነካ ወደ ውሃነት ይመለሳል። ፓምፑ ሁለቱንም አንድ ላይ በየጊዜው ይደፋል። በአየር ብቻ ወይም በሂት ፓምፕ (እንደ ፍሪጅ ባለ አሠራር) የሚያደርቁም አሉ፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ይናገራል። ወይም ሲያደርቅ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ፣ ውሃ ሲገባና ሲደፋ ይሰማል።

ከዚህ የሚከተለው፣ አንደኛ፣ ሲያደርቅም ሩቢኔታው ክፍት መሆን አለበት። «ታጥቦ አለቀ» ብለው ሩቢኔታውን የሚዘጉ አሉ። በመካከል ውሃ የሚጠፋበት ቤትም አለ። ያኔ እንፋሎቱ የሚቀዘቅዝበት ያጣል። በመሳቢያውና በበሩ ዙሪያ ይወጣል፣ የማሽኑን ፊት ሲነካ ጠብታ ይሆናል፣ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ልብሱም ሰዓቱን ጨርሶ እርጥብ ይወጣል። ምንም የተሰበረ ነገር የለም። የውሃ ፈረቃችሁን የምታውቁ ከሆነ ማድረቂያውን በዚያ ልክ አስጀምሩ፣ ወይም ሮቶው መሙላቱን እዩ።

ሁለተኛ፣ ብናኝ። ልብስ ሲደርቅ ብናኝ ያራግፋል። ጋቢ፣ ፎጣና አዲስ ብርድ ልብስ ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ብናኙ በእርጥብ ጎሚኒ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። በማግስቱ ስታጥቡ በበሩ በኩል ያፈሳል። ሰው ጎሚኒውን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን የትናንትናው ማድረቅ ነው። ካደረቃችሁ በኋላ ጎሚኒውንና መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ጊዜ የምታደርቁ ከሆነ አልፎ አልፎ ባዶውን አንድ ማለቅለቂያ አስኬዱ፤ ድራሙና መተላለፊያው ላይ የቀረውን ጠርጎ ይወስዳል። በር መስታወቱ ውስጠኛ ፊት ላይ ጤዛ መታየቱ ግን አያስጨንቃችሁ፣ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ ልክ። 8 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን 8 ኪሎ አያደርቅም። ብዙ ጊዜ 5 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ፊቱ ላይ ሁለቱም ቁጥር ተጽፏል። የታጠበውን ሁሉ እዚያው ካደረቃችሁ ልብሱ በሩን ይገፋል፣ ጎሚኒው ይዛነፋል። ግማሹን አውጡና ገመድ ላይ ስጡ።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ሲያደርቅ ብቻ ከኋላ ውሃ የሚወርድ ከሆነ የመተላለፊያው ማሸጊያ ወይም ወደ እሱ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ለቅቃለች፣ ወይም መተላለፊያው በብናኝ ተደፍኗል። ይህ ክዳን አስነስቶ ማሞቂያው አጠገብ እጅ ማስገባትን ይጠይቃል። ለባለሙያ ተዉት።

ፓምፑ አላቆም ካለ

ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር፣ ገና ሶኬት ላይ ሲሰካ ፓምፑ እየጮኸ መድፋት ከጀመረና ካላቆመ ድራሙን አትመርምሩ። ብዙ ማሽኖች ከታች ሳህን አላቸው። ሳህኑ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ተንሳፋፊ ስቲሮፎም ይነሳና ማብሪያ ይነካል። ማሽኑ «ጎርፍ ነው» ብሎ ያስባል። ቦሽ ላይ «ኢ 23»፣ ሳምሰንግ ላይ «ኤል-ሲ» ወይም «ኤል-ኢ»፣ አንዳንድ ኤልጂ ላይ «ኤ-ኢ» የሚለው ይህንኑ ነው። የኤልጂ «ኦ-ኢ»፣ የሳምሰንግ «5-ሲ» እና የቦሽ «ኢ 18» ግን መድፋት አለመቻል እንጂ ማፍሰስ አይደሉም፤ ወደ ማጣሪያው ተመለሱ።

ሶኬቱን ንቀሉና ለሁለት ሰው ሆናችሁ ማሽኑን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ ውሃው ከሳህኑ ይውጣ። ብቻችሁን አትሞክሩ፤ ይህ ዓይነት ማሽን ከ60 ኪሎ በላይ ነው። ሳህኑ ሲደርቅ ኮዱ ይጠፋል። ይህ ግን ምልክቱን ማጥፋት ነው። ውሃውን ወደ ሳህኑ ያወረደው ነገር ገና አለ፤ ከላይ ያለውን ሙከራ እንደገና ጀምሩ።

የማይነካው

ዝገትና ቅባት ያለበት ጠብታ ከድራሙ ጀርባ መሃል የሚወርድ ከሆነ፣ ሲጨምቅም የሚያገሳ ድምፅ ካለ፣ ድራሙ የሚዞርበት ኩሽኔታ መከለያ አልቋል። ውሃው ኩሽኔታውን እየበላው ነው። ድራም ማውረድ ይጠይቃል፤ ዋጋውን ከአሮጌው ማሽን ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። ማሽኑ ውሃ መቀበል አላቆም ብሎ እስከ በሩ ከሞላ ደግሞ ሩቢኔታውን ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የውሃ ልክ የሚለካውን ክፍል እንዲያየው ሰው ጥሩ።

ሲሊኮን ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ካያችሁ ተጠንቀቁ። በሚንቀሳቀስና በሚሞቅ ጎማ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ጥቂት ሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ተልጦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ጠጋኝ ደግሞ መጀመሪያ ሲፍቅ ነው የሚውለው፣ ሂሳቡም እናንተ ላይ ነው።

ስትደውሉ «ውሃ ያፈሳል» አትበሉት። «ንጹህ ውሃ ነው፣ ከኋላ ቀኝ ነው፣ ሲያደርቅ ብቻ ነው፣ ሩቢኔታ ክፍት ነበር፣ ማጣሪያው ጸድቷል» በሉት። የሞዴሉን ፎቶም ላኩለት። ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ሠርቶ ሲጨርስ ጋዜጣውን መልሳችሁ ሥሩ አንጥፉና አንድ ሙሉ እጥበትና ማድረቅ እሱ ባለበት አስኬዱ። ጋዜጣው ደረቅ ከወጣ ሂሳቡን ክፈሉ።